ሪላየብል ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ቅጽል



የባዕድ አገር ቋንቋ የሚማር ሰው አንድን ቃል ከመዝገብ ፈልጎ ባገኘ ጊዜ ምሥጢሩንም አብሮ ያገኘ ይመስለዋል። ነገር ግን መዝገበ ቃላት የቃሉን ጎረቤት ያሳያል እንጂ ቃሉን ራሱን ሁልጊዜ አያሳይም። በዚህ አጭር ጽሑፍ አንድ የእንግሊዝኛ ቅጽል መርምሬ ለማቅረብ አስቤአለሁ፤ ይኸውም ሪላየብል የሚባለው ነው። ይህን ቃል የመረጥሁበት ምክንያት ከመጽሐፍ ሳይሆን በራሴ ላይ ከተነገረ ነገር ስለ ተማርሁት ነው።

ወደ ኢየሩሳሌም በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት፥ በጥር ወር፥ ለጥምቀት በዓል ወደ ዮርዳኖስ የሚወርዱ ተሳላሚዎች ነበሩ። ጉዞውን የሚያሰናዳው እንግሊዝኛ ተናጋሪ የሆነ የውጭ አገር ሰው ስለ ነበረ፥ እኔ አስተርጓሚ እሆን ዘንድ ታዘዝሁ። ከሌሊቱ በ11 ሰዓት በደጅ እንድገኝ ቢነገረኝ «እሺ፥ እገኛለሁ» ብዬ ቃል ሰጠሁ። በዚያች ሌሊት ግን ሳነብ አምሽቼ እንቅልፍ ጣለኝ። ተሳላሚዎቹም ከአንድ ሰዓት በላይ በብርድ ቆመው ጠበቁኝ። ከእነርሱም መካከል በምርኩዝ የሚሄዱ አንዲት አረጋዊት እናት ነበሩ፤ ነጠላቸውን ተከናንበው በቀዝቃዛው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

እየሮጥሁ ስደርስ ያ ሰው ለጓደኛው «ሂ ኢዝ ኦነስት፥ በት ሂ ኢዝ ኖት ሪላየብል» ሲል ሰማሁት። ማታ ወደ ክፍሌ ተመልሼ መዝገበ ቃላት ብገልጥ «ታማኝ፥ የሚታመን» የሚል ትርጓሜ አገኘሁ። እንግዲያውስ «ታማኝ አይደለም» ብሎኛል አልሁ። በአገራችን አነጋገር ደግሞ ታማኝ አይደለም የተባለ ሰው ሌባ ወይም ከዳተኛ መባሉ ነው። በዚያን ቀን ተሳላሚዎቹ ለጧፍ መግዣ የሰጡኝ ገንዘብ በእጄ ነበረና፥ በእርሱ የጠረጠረኝ መሰለኝ። ከዚህ የተነሣ ሦስት ቀን ሙሉ ሰላምታ ነሣሁት።

በአራተኛው ቀን እንግሊዝኛ ወደሚያስተምሩን አረጋዊ አባት ሄጄ «አባቴ፥ ይህ ሰው ሌባ ብሎኛል» አልኋቸው።

«የተናገረውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ንገረኝ» አሉኝ። ነገርኋቸው።

«ኦነስት ማለት ምን ማለት ነው?»

«የማይሰርቅ፥ የማይዋሽ፥ ቅን ማለት ነው።»

«ታዲያ የማይሰርቅ ብሎህ ሲያበቃ፥ እንደ ገና ሌባ ይልሃልን?»

መልስ አጣሁ። እርሳቸውም መቋሚያቸውን አንሥተው «ይህ እንጨት ደግ ነው ወይስ ክፉ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ደግም ክፉም አይደለም፤ እንጨት ነው» አልሁ።

«ታዲያ በማሕሌት ሌሊቱን ሁሉ የምትደገፈው ስለ ምንድር ነው?»

«ስለማይሰበር ነው።»

«እንግዲህ ሪላየብል ማለት ይህ ነው። ሰውየው ልብህን አልነቀፈም፤ ተደግፎህ ስለ ወደቀ ይህን ተናገረ» አሉኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስለዚህ ቃል ያገኘሁትን ሁሉ እየጻፍሁ አኖርሁ። ከዚህ በታች ያለውም ከዚያ የተውጣጣ ነው።

የቃሉ ምንጭ

ሪላየብል ከሁለት ክፍል የተሠራ ነው። የመጀመሪያው ሪላይ የሚለው ግስ ሲሆን፥ ሁለተኛው ኤብል የሚባለው ምዕላድ ነው። ሪላይ ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከቀድሞው ፈረንሳይኛ ሲሆን፥ የፈረንሳይኛውም ቃል ሬሊጋሬ ከሚለው ከላቲኑ ግስ የወጣ ነው። ሊጋሬ ማለት ማሰር፥ ሬሊጋሬ ማለት አጥብቆ ወይም መልሶ ማሰር ነው። በእንግሊዝኛም ሪላይ አስቀድሞ መሰብሰብን፥ በተለይም የተበተነ ሠራዊትን ማሰባሰብን ያመለክት ነበር፤ ኋላ ግን በ16ኛው መቶ ዓመት በአንድ ነገር ላይ ተማምኖ መደገፍን የሚያሳይ ሆነ። እንግዲህ በዚህ ቃል ሥር ገመድ አለ ማለት ነው፤ ሰው በሌላው የሚታመነው፥ ታስሮ የማይፈታ ነገር ሲያገኝ ነውና።

ሃይማኖት የሚለውን ቃል እንግሊዞች ሪሊጅን ይሉታል። በ4ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የነበረው ላክታንትዮስ የተባለው የላቲን ጸሐፊ ይህን ቃል ከዚሁ ከሬሊጋሬ አውጥቶ፥ ሰው ከአምላኩ ጋር የታሰረበት ማሰሪያ ነው ሲል ተርጕሞታል። ከእርሱ በፊት የነበረው ሲሴሮ ግን እንደ ገና ማንበብን፥ ደጋግሞ መመርመርን ከሚያመለክት ከሌላ ግስ አውጥቶት ነበር። የሁለቱ ክርክር እስከ ዛሬ ድረስ በሊቃውንት ዘንድ ይነሣል። እዚህ የጠቀስሁት ተማሪ የቃላትን ዝምድና ሲያይ ቃሉን እንዳይረሳው ስለሚረዳው ነው።

ኤብል የሚለው ምዕላድ ግሱን ወደ ተገብሮ ያዞረዋል፤ «ሊደረግ የሚቻል፥ ሊደረግ የሚገባ» ያሰኛል። ሪድ ማለት አነበበ ሲሆን ሪደብል ማለት ሊነበብ የሚችል ነው። እንዲሁም ሪላይ ማለት ተደገፈ፥ ተማመነ ሲሆን፥ ሪላየብል ማለት ሊደገፉት፥ ሊተማመኑበት የሚቻል ማለት ነው።

በቃሉ ላይ የተነሣ ክርክር

ይህ ቃል በ1560ዎቹ ዓመታት በስኮትላንድ ጽሑፍ ላይ ይገኛል። ባለቅኔው ኮልሪጅም በ1800 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ተጠቅሞበታል። በሕዝብ ዘንድ መለመድ የጀመረው ግን ከ1850 ገደማ ወዲህ ነው። በዚያን ጊዜ ብዙ የእንግሊዝ ጸሐፊዎች «ይህ ከአሜሪካ የመጣ ነውረኛ ቃል ነው» እያሉ ነቀፉት። ምክንያታቸውም የሰዋስው ምክንያት ነበር። ሪላይ ብቻውን አይሄድም፤ ኦን የሚባለውን መስተዋድድ ይዞ «ሪላይ ኦን» ይባላል እንጂ። ስለዚህ ቅጽል ቢወጣለት ኦን የሚለው መጣሉ አግባብ አይደለም፤ በሕግ ከሆነ «ሪላይኦነብል» መባል ነበረበት አሉ።

ለዚህ ነቀፋ መልስ ከሰጡት መካከል አንዱ ፊትዝኤድዋርድ ሆል የተባለ፥ በአሜሪካ ተወልዶ የሕንድን ጥንታዊ ቋንቋ ሳንስክሪትን ያጠና ሊቅ ነው። እርሱም በ1877 በኤብል ስለሚጨርሱ የእንግሊዝኛ ቅጽሎች፥ ይልቁንም ስለ ሪላየብል፥ ራሱን የቻለ መጽሐፍ አሳተመ። ላፈብል፥ ማለትም ሊሳቅበት የሚገባ የሚለው ቃል የራሱን መስተዋድድ ጥሎ ሳለ ማንም አልነቀፈውም፤ ሪላየብልን ብቻ ለይቶ መንቀፍ ፍርድ ማድላት ይሆናል። በመጨረሻ ቃሉ አሸነፈ። ዛሬ እንግሊዝኛ በሚነገርበት አገር ሁሉ ከመልካም ጽሑፍ የማይለይ ሆኖአል። የቋንቋን ልማድ ሕግ ብቻውን እንደማይገዛው ከዚህ እንማራለን።

በግዕዝና በአማርኛ ሲመዘን

የግዕዝ ሰዋስው የተማርን ወንድሞች ይህን ነገር በቀላሉ ማስተዋል እንችላለን። አምነ ከሚለው ግስ ሣልሱ ቅጽል አማኒ፥ ሳድሱ ቅጽል እሙን ነው። አማኒ ያመነው ነው፤ እሙን የታመነው ነው። እንግሊዝኛም እንዲሁ ሁለት ቅጽል አለው። የሚደገፈው ሰው ሪላየንት፥ የሚደገፉት ነገር ሪላየብል ይባላል። ሪላየንት በአማኒ ወገን፥ ሪላየብል በእሙን ወገን ናቸው። ብዙ ተማሪ እነዚህን ሁለቱን ያቀያይራል፤ ሣልሱንና ሳድሱን ያስታወሰ ግን አይሳሳትም።

ምሳሌ ላምጣ። አባቶቻችን «ጌታዋን የተማመነች በግ ላቷን ውጭ ታሳድራለች» ይላሉ። በዚህ ምሳሌ ሪላየንት የምትባለው በጊቱ ናት፤ ሪላየብል መሆን ያለበት ጌታዋ ነው። ጌታዋ ሪላየብል ካልሆነ የላቷን ነገር ጅብ ይፈርደዋል። ደግሞም «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» ይባላል። ይህ ፈረስ አንሪላየብል፥ ማለት የማያስተማምን ነው። ፈረሱ ባለቤቱን አልጠላም፥ አልሰረቀም፥ አልዋሸም፤ ቢሆንም ጥሎታል።

በነቢዩ ኢሳይያስ መጽሐፍም ለሁለቱ ወገን ግሩም ምስል ይገኛል። በምዕራፍ 22 በጽኑ ስፍራ ስለ ተተከለ፥ ዕቃ ሁሉ ስለሚሰቀልበት ካስማ ይናገራል፤ በዚያ ስፍራ የዕብራይስጡ ቃል ነኤማን ነው፥ ሥሩም የእኛው አመነ ነው። በምዕራፍ 36 ደግሞ የአሦር ንጉሥ መልእክተኛ በዚሁ በኢየሩሳሌም ቅጥር አጠገብ ቆሞ፥ ግብፅን በተሰነጠቀ ሸምበቆ ይመስላታል፤ የተመረኰዘበትን ሰው እጅ ይወጋልና። ካስማው ሪላየብል፥ ሸምበቆው አንሪላየብል መሆኑ ነው። ዛሬም በከተማችን ገበያ የሚመላለስ ተማሪ ይህን ሥር በየቀኑ ይሰማዋል። በዐረብኛ አሚን የታመነ ሰው ነው፤ በዛሬው ዕብራይስጥ አሚን የሚያስተማምን ወሬ፥ ምስክር ወይም ዕቃ ነው፤ እኛም በጸሎታችን መጨረሻ አሜን እንላለን።

በአማርኛ ለሪላየብል የሚቀርበው ቃል ታማኝ ሳይሆን አስተማማኝ ነው። ታማኝ ስለ ሰው ልብ ይናገራል፤ አስተማማኝ ግን ስለ ሰውም፥ ስለ ድልድይም፥ ስለ ገመድም፥ ስለ መድኃኒትም ሊነገር ይችላል። «ታማኝ ድልድይ» አይባልም፤ «አስተማማኝ ድልድይ» ይባላል። ነገር ግን ትንሽ ልዩነት አለ። አስተማማኝ ገቢር ነው፤ ነገሩ ራሱ ለሰው መተማመንን ይሰጣል። ሪላየብል ተገብሮ ነው፤ ሰው መጥቶ ይደገፈዋል። በትርጉም ጊዜ ይህን ልብ ማለት ይጠቅማል።

ከጎረቤቶቹ ቃላት የሚለይበት

ኦነስት የማይዋሽና የማይሰርቅ ነው። ትረስትወርዚ አደራ ሊሰጡት የሚገባ ነው፤ ይህም ይልቁንም ለሰው ይነገራል። ፌይዝፉል በፍቅርና በቃል ኪዳን ጸንቶ የሚኖር ነው፤ ስለዚህ ምእመናን በእንግሊዝኛ «ዘ ፌይዝፉል» ይባላሉ። ምእመናንን «ሪላየብል ፒፕል» ብሎ የተረጐመ ሰው ስለ ሃይማኖታቸው ሳይሆን በቀጠሮ ስለ መገኘታቸው ተናገረ። ዲፔንደብል ከሁሉ ይልቅ ለሪላየብል የቀረበ ነው፤ የሥሩ ምስል ግን ሌላ ነው፤ በላቲን መንጠልጠልን ከሚያመለክት ግስ የወጣ ነውና። አንዱ በታሰረበት፥ ሌላው በተሰቀለበት ይታመናል።

ሪላየብልን ከሌሎቹ የሚለየው ዋና ነገር መደጋገም ነው። አንድ ጊዜ ብቻ በሰዓቱ የተገኘ ሰው ሪላየብል አይባልም፤ ደጋግሞ የተገኘ ይባላል እንጂ። ሰዓትን እንመልከት። አንድ ተሳላሚ የእጅ ሰዓቱን በአገራችን አቈጣጠር ሞልቶ ቢመጣ፥ ከዚህ አገር ሰዓት ጋር ይለያያል። ይሁን እንጂ ልዩነቱ ሁልጊዜ ያው ከሆነ ሰዓቱ ሪላየብል ነው። ዛሬ 5 ደቂቃ የሚቀድም፥ ነገ 10 ደቂቃ የሚዘገይ ሰዓት ግን አንሪላየብል ነው።

ሁልጊዜ መገኘት ማለትም አይደለም። በምዕራብ ኢየሩሳሌም አውቶቡሶች ከዓርብ ማታ እስከ ቅዳሜ ማታ፥ በሰንበት ምክንያት፥ አይሄዱም። ይህን የማያውቅ ተሳላሚ በጣቢያ ቆሞ «አንሪላየብል ናቸው» ቢል ቃሉን ያለ ቦታው አኖረው። አስቀድሞ በታወቀ ሕግ የሚያርፍ ነገር የሚጠበቅበትን ፈጸመ እንጂ አላጐደለም። አንሪላየብል የሚባለው ይመጣል በተባለበት ሰዓት ሳይመጣ ሲቀር ነው።

በትምህርታችንም ይህ ልዩነት ይጠቅማል። «ፌይዝፉል ትራንስሌሽን» ማለት ከምንጩ ቃል ያልራቀ ትርጉም ነው፤ «ሪላየብል ትራንስሌሽን» ማለት አንባቢ ሳይፈራ ሊመረኰዝበት የሚችል ትርጉም ነው። ቃል በቃል የተረጐመ ሰው ለምንጩ ፌይዝፉል ሆኖ ሳለ አንባቢን ሊያሰናክል ይችላል። ደግሞ አንድ የውጭ አገር መርማሪ የብራና መጽሐፍ አይቶ «ኢዝ ዚስ ኮፒ ሪላየብል?» ቢል፥ የመጽሐፉን ቅድስና ተጠራጠረ ብለን ልንቈጣ አይገባም። የሚጠይቀው ማን ጻፈው፥ ከምን ገለበጠው፥ ከሌላ ቅጂ ጋር ተመሳከረን ማለቱ ነው። ለዚህ መልሱ ቍጣ ሳይሆን ማስረጃ ነው።

ስለ አነባበቡና ስለ አጠቃቀሙ

አንደኛ፥ ቃሉ እንደ ፊደሉ «ረሊአብለ» ተብሎ አይነበብም። ሪ-ላ-የ-ብል ይባላል፤ ድምፁም በ«ላ» ላይ ይጠነክራል። ግሱ በዋይ ፊደል ይጨርሳል፤ ኤብል ሲጨመርበት ግን ዋይ ወደ አይ ፊደል ይለወጣል።

ሁለተኛ፥ ግሱ ኦንን ይፈልጋል። እኛ «በእርሱ ታመነ» ስለምንል፥ «በ» የሚለውን ፊደል በኢን ወይም በባይ እየተረጐምን እንሳሳታለን። «ሪላይ ኦን ሂም» ብሎ መያዝ ነው። ቅጽሉ ግን ኦንን ጥሎ ብቻውን ይቆማል፤ ቀድሞ የነቀፉትም በዚህ ነበር።

ሦስተኛ፥ አሉታው በአን ይሠራል፤ አንሪላየብል። ስሙ ሪላየቢሊቲ፥ ተውሳከ ግሱ ሪላየብሊ ነው። ለማበላለጥ ሞር ሪላየብል፥ ሞስት ሪላየብል ይባላል።

አራተኛ፥ ከስም በፊትም ከግስ በኋላም ይገባል። «ኤ ሪላየብል ዊትነስ» የሚታመኑበት ምስክር ነው፤ «ዘ ዊትነስ ኢዝ ሪላየብል» ምስክሩ የሚታመኑበት ነው ማለት ነው።

አምስተኛ፥ ሰው ስለ ራሱ «አይ አም ሪላየብል» ማለት ይችላል፤ ሥራ ፈላጊዎችም በደብዳቤያቸው ይጽፉታል። ሰዋስው አይከለክለውም። ሆኖም ይህ የደጋፊው ሳይሆን የተደጋፊው ቃል ነው። መቋሚያ ስለ ራሱ አይመሰክርም፤ የሚመሰክርለት ሌሊቱን የቆመበት ሰው ነው።

የነገሩ ፍጻሜ

ምሥጢሩ ከገባኝ በኋላ ወደ ሁለቱ ይቅርታ ለመጠየቅ ሄድሁ። አረጋዊቱ እናት ወደ አገራቸው ሊመለሱ ዕቃቸውን ሲያስሩ ደረስሁ። እግራቸው ላይ ብወድቅ አንሥተውኝ «አባ፥ እንቅልፍስ የወጣት ነው፤ ከእንግዲህ ግን ሰው አቁመው አይተኙ» አሉኝ። ያ ሰውም ሌባ ያለኝ መስሎኝ እንደ ነበረ ብነግረው ደነገጠ፤ «በገንዘብ አንድ ቀን እንኳ አልጠረጠርሁህም» አለኝ። ነገር ግን የተናገረውን ቃል አላነሣም፤ ማንሣትም አይገባውም ነበር፥ እውነት ነበረና።

በሚከተለው ዓመት በጥር ወር ከቀጠሮው ግማሽ ሰዓት ቀድሜ በደጅ ቆምሁ። ሰውየው መጥቶ አየኝ፤ ስለ እኔ ምንም አልተናገረም። የተሳላሚዎቹን ስም የያዘውን ወረቀት ሰጥቶኝ መኪናውን ሊያሞቅ ሄደ። ሌላም ጊዜ እንዲሁ አደረግሁ፥ ሌላም ጊዜ። ቃሉ ተመልሶ ለእኔ ተነግሮ እንደ ሆነ አላውቅም፤ ወረቀቱን ግን እስከ ዛሬ ለእኔ ይሰጣል።

እንግዲህ ወንድሞቼ፥ ይህን ቅጽል በመዝገባችሁ ስትጽፉ በአጠገቡ ታማኝ ብላችሁ ብቻ አትለፉት። አስተማማኝ በሉት፥ ከጎኑም አንዲት መቋሚያ ሣሉለት። በዚህ ጽሑፍ የጐደለ ወይም የተሳሳተ ነገር ያገኘ አንባቢ ቢኖር ያርመኝ ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ።